ከፊቷ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሰው

ክሊኒኩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁላችንም «ቀጥ በሉ» ነበር የምንላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ቆማ ወረፋ አስከብራለች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ቀጥ በሉ!» ስለነበር እሱው ስሟ ሆኖ ቀረ። እኔ ከመስኮቱ ወዲህ ካርድ አወጣለሁ፣ እሷ ከመስኮቱ ወዲያ ሰው ታሰልፋለች። በአንድ መስታወት ስንተያይ ነው ያረጀነው።

ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም፤ ሥራዋ ነው እንዲህ ያደረጋት። «ለመጠየቅ ብቻ ነው» እያለ ወደ መስኮቱ የሚጠጋውን፣ የጎረቤት ሕፃን ተውሳ የምትመጣውን፣ ከበር እስከ አዳራሹ ደህና ተራምዶ ሰልፉን ሲያይ የሚያነክሰውን፣ ሁሉንም በዓይኗ ትለቅማለች። ደግሞ አትሳሳትም። አንድ ቀን ብቻ ነው ስትሳሳት የሰማሁት፤ እሱንም ራሷ ናት የነገረችኝ፣ የሚያሳፍራትን ሳትዘል።

ጌም የጀመረችው ጉልበቷን ቀዶ ጥገና በተደረገች ጊዜ ነው። ስድስት ሳምንት ከአልጋ አትውረጂ ተባለች። ሌላ ከተማ የምታስተምረው ታናሽ እህቷ ልትጠይቃት መጥታ፣ «እትዬ፣ ግድግዳ ስታዪ ከምትውዪ» ብላ ስልኳ ላይ ጫነችላት። በኢንተርኔት ብዙ ሺህ ሰው አንድ ላይ የሚጫወተው ጨዋታ ነው፤ ሰው በጀልባ ደሴት ላይ ይወርዳል፣ መሬት ይይዛል፣ ያርሳል፣ ቤት ይሠራል፣ ከጎረቤቱ ጋር ያወራል። መጀመሪያ የልጅ ነገር መስሏት ንቃው ነበር። በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። ሁለቱ እህትማማቾች ስልክ ሲደዋወሉ ከ«ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» የሚያልፍ ወሬ አልነበራቸውም። እዚያ ጎን ለጎን ሽንኩርት ሲኮተኩቱ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሉ። ጉልበቷ ተሻላት፤ ጨዋታው ቀጠለ።

ከዚያ የጌሙ ድርጅት አዲስና ሰፊ ደሴት ሊከፍት ነው ተባለ። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። መሬቱ ቀድሞ ለደረሰ ነው፤ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ በላይ መያዝ አይችልም። እህትማማቾቹ ወንዝ ዳር፣ አጥር ለአጥር ሆነን እንቀመጣለን ብለው ተስማሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ባሏ ቀድሟት ተነስቶ አገኘችው። ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ሱቁ ከቤታቸው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው ያለው። የዕረፍት ቀን ጠዋት ቤት ቢፈርስ የማይነቃ ሰው ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አለችው።

«ሥራ በዝቶብኛል» አለና የስልኩን ቻርጀር ኪሱ ከቶ ወጣ።

ነገሩ አልጣማትም። ግን ሦስት ሰዓት እየደረሰ ስለነበር ትታው ወንበሯ ላይ ተደላደለች። ሰዓቱ ሲሞላ ስልኳ ላይ ጌሙን ነካችው። «ሰርቨሩ ሞልቷል። ወረፋ ላይ ነዎት። ከፊትዎ 8,400 ሰው አለ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

እሷን በወረፋ ማስደንገጥ ከባድ ነው። እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ጠበቀች። ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ሲሆን እህቷ ደወለች።

«እትዬ፣ ገባሁ! የት ነሽ?»

«ገባሁ? እንዴት ገባሽ?»

«እንጃ። ነካሁት፣ ገባሁ።»

«እኔ ከፊቴ ሰባት ሺህ ሰው አለ፣ አንቺ ነካሁት ገባሁ ትያለሽ። ማን አስገባሽ?»

እህቷ የምትቀልድ መስሏት ሳቀች። እሷ አልሳቀችም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰልፉን ዘሎ መስኮት የደረሰ ሰው ሁሉ «እንጃ» ነው የሚላት።

ሁለት ሺህ አንድ መቶ ደረሰች። ስክሪኑ ብልጭ አለና «ግንኙነትዎ ተቋርጧል» አላት። መልሳ ነካችው። ዘጠኝ ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ! ከቀን መቁጠሪያው አንድ ቅጠል ገነጠለችና ሰዓቱንና ቁጥሩን ጻፈች። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እንደገና ተባረረች። ቀጥሎ ከአርባ ደቂቃ በኋላ። እየጻፈች፣ ቁጥር እያስተያየች ሄደች። በእሷ ልምድ ሰው ከሰልፍ መሃል ተነስቶ ጭራ የሚሆነው ራሱ ሲወጣ ወይም ሲያወጡት ነው። እሷ አልወጣችም።

ለድርጅቱ ጻፈች። ወዲያው መልስ መጣ፦ «በተጠቃሚ ብዛት ምክንያት ሰርቨሮቻችን ተጨናንቀዋል። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን።»

«ይሄ እኮ የእኛው ‹ሲስተም የለም› ነው!» አለች ለብቻዋ። እውነቷን ነው፤ እዚህ ላይ የምደብቀው የለም። ካርድ ክፍል ውስጥ ሁላችንም ሻይ ልንጠጣ ስንወጣ «ሲስተም የለም» የሚለውን ወረቀት መስኮቱ ላይ የምለጥፈው እኔ ራሴ ነኝ። እሷም ከውጭ ሆና «አልሰሙም? ሲስተም የለም!» እያለች ታግዘናለች። እና አሁን እሷ ከወዲያ በኩል ቆማ ያንኑ ስትሰማ፣ ከመስኮቱ ጀርባ ሻይ የሚጠጣ ሰው ታያት።

የጻፈችውን ሰዓትና ቁጥር በሙሉ ገልብጣ እንደገና ላከች። እኩለ ቀን አለፍ እንዳለ የሰው እጅ የጻፈው የሚመስል መልስ መጣ። በእርስዎ አካውንት ከሁለት ስልክ ወረፋ ተይዟል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣና መጨረሻ ላይ ይሰለፋል፤ ሁለተኛው ስልክ የእርስዎ ካልሆነ የይለፍ ቃልዎን ይቀይሩ፣ ይላል።

ደሟ ፈላ። የይለፍ ቃሉን ያወጣችላት እህቷ ናት። ደወለች።

«በእኔ ስም ወረፋ ይዘሽ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ምን?»

«ሁለት ቦታ ልትይዢ ነው አይደል? የእኔንም የራስሽንም?»

እህቷ፣ «እትዬ፣ እኔን እንደ በሽተኞችሽ አታሰልፊኝ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ቃሏ ጆሮዋ ላይ ቀረ። ለአፍታ ተቀምጣ ካሰበች በኋላ ነው ቁም ሳጥኑ ትዝ ያላት። የይለፍ ቃሉን እንዳትረሳው ጽፋ የለጠፈችው በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። በዚያ በር ሸሚዝ የሚያወጣ ሌላ አንድ ሰው አለ። በማለዳ የተነሳ። ቻርጀር ይዞ የወጣ።

ነጠላ ጫማዋን እንኳን ሳትቀይር እያነከሰች ሄደች። የሱቁ በር ገርበብ ብሏል። ባሏ የተገለበጠ ፍሪጅ ፊት ተንበርክኳል፤ ብሎን የሚፈታው በአንድ እጁ ነው፣ ዓይኑ ግን ከጎኑ ያስደገፈው ስልክ ላይ ነው። ሲያያት ስልኩን ጨርቅ ጣለበት።

«ምንድን ነው የደበቅከው?»

«ምንም።»

ያን ጊዜ ጌሙን ረሳችው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ስልክ ሲደብቅ ሌላ ምን ይታሰባል? ጨርቁን ገፈፈችው። «ከፊትዎ 640 ሰው አለ» ይላል።

«አንተ ነህ?»

«ቀስ በይ፣ ቀስ በይ፣ እንዳትነኪው!» አለና ተነሳ። «ስድስት መቶ አርባ አድርሼልሻለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ነገር ጋር እየታገልኩ ነው። አንድ ወንበዴ በስምሽ እየገባ ደረስኩ ስል ይጥለኛል። ዛሬማ አልለቀውም!»

«ወንበዴዋ እኔ ነኝ» አለች።

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባው።

«ጉልበትሽ ቁጭ ስትይ ይደነዝዝሻል» አለ በመጨረሻ፣ ብሎን መፍቻውን በመዳፉ እያሻሸ። «ገብቼ፣ ነይ ጨርሻለሁ ልልሽ ነበር። ቦታ ልይዝልሽ ብዬ ነው።»

ቦታ ያዥ! እኛ አዳራሽ ቢሆን ኖሮ በክንዱ ይዛ ከሰልፉ አውጥታ በር ድረስ ትሸኘው ነበር። ሱቁ ውስጥ ግን አንድ የቀለም ጣሳ ላይ ተቀመጠች። ቶሎ አላመነችውም፤ ስልኩን ተቀብላ የደወለበትን ሁሉ አየች፣ መልእክቶቹን አንድ በአንድ ከፈተች። እሱም «ፈትሺ፣ ፈትሺ» ብሎ ወደ ብሎኑ ተመለሰ። ያገኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ «ደሴቱ ላይ ወንዝ ዳር መሬት እንዴት ይያዛል» ብሎ ፈልጓል።

የራሷን ስልክ አጥፍታ በእሱ ስልክ ሁለቱ ተጎንብሰው ጠበቁ። ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የደሴቱ በር ተከፈተላቸው። ወንዝ ዳሩ አንድ ጋት ሳይቀር ተይዟል። የቀረው ነፋስ የሚመታው ጋራ ላይ ያለ ድንጋያማ መሬት ነው። እሱኑ ያዘች። እህቷ ዘንድ ደወለች፤ አታነሳም።

ድንጋይ መልቀም እንደጀመረች ከበታቿ አንዲት ሴት ችካል ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ አየች። እህቷ ናት። ወንዝ ዳር የያዘችውን መሬት ለቅቃ ነው የመጣችው፤ የተለቀቀ መሬት ደግሞ አይመለስም።

«ለምን ለቀቅሽው?» ብላ ጻፈችላት።

«አንቺ ታች እንደማትደርሺ ሳውቅ።»

ቀጥ በሉ ይቅርታ የሚባል ቃል አይወጣላትም። «ቅድም በስልክ ያልኩሽን ተይው» አለች።

«የትኛውን?»

«ሁሉንም።»

እህቷ ችካሏን ከቀጥ በሉ ድንበር ጎን ተከለች።

በዚያ ጋራ ሽንኩርት አይበቅልም። ንብ ነው የያዙት። ባሏም የራሱን አካውንት አወጣና፣ ወረፋው ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ በባዶ በር ገብቶ ረግረግ መሬት ላይ ሰፈረ፤ ማንም ከዚያ ሊያስነሳው አልቻለም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እህቷ ሳትደውል ሻንጣ ይዛ በር ላይ ቆመች። ቀጥ በሉ ሻንጣውን ሳትቀበል፣ «ምን ሆነሽ ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«ምንም አልሆንኩም። ናፈቅሽኝ።»

እንዲህ ያለ አጭር መልስ አላሳመናትም። ታማ ይሆን፣ ከሥራ አባርረዋት ይሆን እያለች ሁለት ቀን ሙሉ አዋዋሏን ስታጠና ሰነበተች፤ ምግቧን፣ እንቅልፏን፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ሁሉ ተከታተለች። ምንም አላገኘችባትም። በሦስተኛው ቀን ክሊኒክ ይዛት መጣች፤ መስታወቱን በጣቷ ቆርቆር አድርጋ፣ «እህቴ ናት፣ እንዲሁ ልታየኝ ነው የመጣችው» አለችኝ።