እናቴ የፈጠረችው አባት

አባቴ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ «ነጎድጓድ» ይለው ነበር፤ ስሙም አልበዛበትም። ማታ ቁልፉ በር ላይ ሲሰማ እኔና እናቴ ትንፋሻችንን ውጠን ፊቱን እናያለን። አመሻሻችን እንደ ፊቱ ነበር።

አንድ ቀን ከውሃ ታንከር ማማ ላይ ወደቀ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቧንቧ ከመፍታትና ከመግጠም በቀር የሚያስታውሰው ነገር አልነበረም። በሃያ ሁለት ዓመቴ የገዛ አባቴ አንቱ አለኝ።

እናቴንም ገና አንቺ አይላትም ነበር። አንድ ጠዋት እፍር ብሎ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ?» ሲል ጠየቃት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና እንኳ አላለችም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሬን ታጥብልኝ ነበር።»

ሳቄ ሲያመልጠኝ ሳል አስመሰልኩት። እናቴ፣ ያቺ ጨዋ ሴት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸች። እሱ ግን አመናት። ቅዳሜ ሲደርስ ውሃ አሙቆ፣ ሙቀቱን በክንዱ ለክቶ፣ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ብረት ሲያጠብቁ የኖሩት ጣቶች ሽበቷ መሀል ቀስ እያሉ ሲሄዱ በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ይኼ ሁሉ ርኅራኄ የት ተደብቆ ኖሯል? እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እሷም ደፈረች። «ስናደድ ቁጭ ብለህ ታዳምጠኝ ነበር» አለችው፤ ቁጭ ብሎ አዳመጣት።

ዓመት ሊሞላው ሲል የድሮ የሥራ ባልደረባው ሊጠይቀው መጣ። የፀጉር አጠባውን ነገር ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «አንተ? ኧረ ተወኝ። ሚስትህ አንተን ሸሽታ ስንቴ እኛ ቤት አድራለች።»

በነጋታው ቅዳሜ ነበር፤ አባቴ እንደ ልማዱ ውሃ አሞቀ። እኔ ግን ያኛው ሰውዬ ዛሬ ይነቃል ብዬ ከበሩ አልራቅሁም። ሳሙናውን መትቶ እንደጨረሰ፣ «አጥቤሽ አላውቅም፣ አይደል?» አላት።

«አጥበኸኝ አታውቅም» አለች እናቴ ጎንበስ እንዳለች። «በፀጉሬ ጎትተኸኝ ግን ታውቃለህ።»

እጆቹን ከፀጉሯ አወጣ። አረፋው እየተንጠባጠበ፣ የሰው ዕቃ የያዘ ይመስል፣ ብዙ አያቸው።

«ያ ሰውዬ ተመልሶ ከመጣ» አላት፣ «በሩን እንዳትከፍቺለት።»

እናቴ ሳሙናውን ከዓይኗ ጠረገችና አየችው። ከዚያ ጭንቅላቷን መልሳ ዝቅ አደረገችለት።