ለወንድሟ ያስቀመጥኩት መድኃኒት

እኔ እንጥል የለኝም። ልጅ ሆኜ ጉሮሮዬን ሲያመኝ «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ፣ እዚሁ ሶዶ ጎረቤታችን የነበሩ ሴትዮ ጫፉ በታጠፈ ስለት ቆርጠው ጥለውታል። ደም ስተፋ የዋልኩበትን ቀን አልረሳውም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ምራቅ መዋጥ አቅቷት አማቴ ከጉኑኖ መጥተው ወደ ቆራጭ እንውሰዳት ሲሉኝ ደሜ ፈላ።

«ይሄ ልጅ እንጥሉ ወርዷል። ካልተቆረጠ ምግብ አያስገባም» አሉ። አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጉታል።

«እማማ፣ የልጄን ጉሮሮ ስለት አይነካውም።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ባለቤቴ በወላይትኛ ልታባብላቸው ሞከረች፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ፊታቸውን አዞሩ።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባክቴሪያን ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። ልጄን በባጃጅ ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ምላሷን በእንጨት ተጭኖ በባትሪ አየ፤ ቶንሲሎቿ አብጠው ነጭ ነገር ይዘዋል። አንገቷ ሥር ያሉትን እጢዎች ዳሰሰ፤ ሳል እንዳላትም ጠየቀ። የላትም። «ጉንፋን አይደለም፣ ባክቴሪያ ይመስላል» አለና የአሥር ቀን እንክብል አዘዘላት። «ቢሻላትም እንዳታቋርጡ» ሲለኝ፣ ይሄ ለእኔም ይነገራል እንዴ ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

በአራተኛው ቀን ልጄ ጎደሬ በዳጣ በላች። ዳጣ እንኳን የታመመውን ጤነኛውንም ጉሮሮ ያቃጥላል፤ እሷ ግን ጣቷን ላሰች። በማግስቱ የቀሩትን እንክብሎች በወረቀት ጠቅልዬ ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ አስቀመጥኳቸው። ታናሽ ወንድሟን በየክረምቱ ቶንሲል ያመዋል። ለዳነ ልጅ መድኃኒት መስጠት ብክነት መሰለኝ። በየጎረቤቱም የሚደረገው ይኸው ነው።

ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷን ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ገመድ ዝላይ ያበዛች መስሎኝ በቅባት አሸሁላት። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የሰፈራችንን ዳገት መውጣት አቅቷት ሁለት ጊዜ ቁጭ ስትል ግን ፈራሁ። ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሟ ደረቷን ለረጅም ጊዜ አዳመጠችና «በቅርቡ ጉሮሮዋን አሟት ነበር?» አለች።

«አሳክመናታል» አልኳት።

«መድኃኒቱን ጨርሳለች?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ልቧ በመሣሪያ ታየ። ሰውነቷ የጉሮሮዋን ጀርም ሲዋጋ የራሷን ልብ ጎድቶት፣ አንዱ የልቧ በር በደንብ አይገጥምም። ሕመሙ ተመልሶ ልቧን የባሰ እንዳይጎዳው በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ ለብዙ ዓመታት። በዚያ ሰሞን ክፍል ገብቼ ስለ ባክቴሪያ ማስተማር አፈርኩ።

አማቴ በመርፌው ቀን ከጉኑኖ አይቀሩም። በወረፋው ላይ ላገኙት ሰው ሁሉ «እኔ ላስቆርጥ ነበር። አባቱ ነው ያዳነው» እያሉ ያመሰግኑኛል። አላረምኳቸውም። በእሳቸው ላይ ያን ያህል ከጮህኩ በኋላ ከየት ልጀምር?

ባለፈው ወር ከመርፌ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ያንኑ ምስጋና ደገሙት። ልጄ የተወጋችበትን ላለመጫን በአንድ ጎኗ ተቀምጣ ትሰማለች።

«አባዬ፣ አያቴ እንዳለችው ብቆረጥ ኖሮ መርፌው ይቀርልኝ ነበር?»

«አይቀርልሽም ነበር።»

«ታዲያ ምን ብታደርጉ ይቀርልኝ ነበር?»

አማቴም ዞረው አዩኝ። ወደ ውጭ እያየሁ ላልፈው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም።

«መድኃኒትሽን አስጨርሼሽ ቢሆን ኖሮ» አልኳት። «ስትድኚ ጊዜ የቀረውን ለወንድምሽ ብዬ አስቀመጥኩት።»

አማቴ ጉልበታቸው ላይ የነበረውን የልጄን እጅ ያዙ። ልጄ ወደ እኔ ዞረች።

«እሱ ታዲያ ታመመ?» አለችኝ።

አልታመመም። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላመመውም።