አሥራ ዘጠነኛዋ ልጅ

በትምህርት ቤታችን ሪከርድ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት የሠሩትን ሰውዬ ተማሪዎቹ «ጋሽ ማኅተም» ይሏቸው ነበር። የትምህርት ቤቱን ማኅተም ከኮታቸው ኪስ አይለዩትም፤ ሽንት ቤት ሲሄዱ እንኳ ይዘውት ነው የሚሄዱት። እኔ የዚያው ክፍል ጸሐፊ ነኝ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ስለነበር ከባሌ ፊት ይልቅ የእሳቸውን ፊት ሳይ ኖሬያለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለ እሳቸው ደግ ደጉን ብቻ እንዳወራ የሚጠብቅ ካለ ይቅር ይበለኝ። ደግ ነበሩ፤ ግን አንዳንድ ደግነት ያናድዳል። የዳይሬክተሩ የወንድም ልጅ ሁለት ማርክ ይጨመርልኝ ብሎ ሲመጣ «ሁለቱን ማርክ አጥንተህ አምጣ» ብለው የመለሱ ሰው ናቸው። የድሮ ጓደኛቸው ሰላም ሊላቸው ቢሮ ብቅ ካለ በሩን ወለል አድርገው ይከፍቱታል፤ ምን እየተንሾካሾኩ ነው እንዳይባል። ይሉኝታ ምግባቸውም እንቅልፋቸውም ነበር።

ከትምህርት ቤቱ መንገድ ተሻግሮ አንድ ኮሌጅ አለ። አንድ ዓመት ላይ ኮሌጁና ትምህርት ቤታችን ተስማሙና የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጆች ከሰዓት በኋላ እየተሻገሩ የኮሌጅ ኮርስ እንዲወስዱ ተፈቀደ። ሒሳብና ኬሚስትሪ ነበር። ያለፉት ኮርስ ኋላ ኮሌጅ ሲገቡ ይያዝላቸዋል፤ እንደገና አይማሩትም። የተሰጠን ቦታ ግን ሃያ ብቻ ነው። ኮሌጁ ፈተና አወጣ፣ ስልሳ ልጆች ተፈተኑ፣ ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ለእኛ ቢሮ ተላከ። ሰሌዳ ላይ የሚለጠፈው የሃያዎቹ ስም ብቻ ነው፤ ማርክ አይጻፍም፣ ለማንም አይነገርም። ደንቡ እንደዚያ ነበር።

ከስልሳዎቹ አንዷ የጋሽ ማኅተም ልጅ ናት። አንድያ ልጃቸው ነች፤ እናቷ የሞተችው ገና ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። ፋርማሲስት እሆናለሁ ትል ነበር። የመድኃኒት ጠርሙስ እጇ ከገባ ላዩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሳታነብ አታስቀምጥም። ለዚያ ፈተና ወር ሙሉ ከትምህርት ስትወጣ እየመጣች ቢሮአችን ጥግ ላይ ስታጠና ከረመች። የኪቦርዴ ኳኳታ እንዳይረብሻት ብዬ «ልተውልሽ እንዴ?» ስላት «ግድ የለም እትዬ፣ ከርስዎ ኪቦርድ ይልቅ ኬሚስትሪው ነው የሚጮኽብኝ» ትለኛለች።

ፖስታው የተከፈተው እኔ ፊት ነው። ጋሽ ማኅተም ጣታቸውን ዝርዝሩ ላይ እያንሸራተቱ ወረዱና አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቀጥ አሉ። የልጃቸው ስም ነው። በደስታ ልጮኽ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱብኝ።

«ዝም በይ» አሉ።

«ምነው ጋሼ? አለፈች እኮ!»

«አለፈች። ዝርዝሩን የሚያወጣው ማነው? እኔ። የሚፈርመው ማነው? እኔ። ነገ አንዱ ወላጅ ተነሥቶ ‹የራሱን ልጅ ሰገሰገ› ቢል በምን አፌ ልመልስ?»

«ማርኩን ያሳዩታላ!»

«ማርክ ማን ያያል? ሰው የሚያየው ስም ነው።»

እርሳስ አንሥተው በስሟ ላይ መስመር አሰመሩ። ሃያ አንደኛ የወጣውን ልጅ ከታች አስገቡ። «ለሷ ምን ቸገራት፣ የሚመጣው ዓመት ትገባለች» አሉኝ። ዝርዝሩን ታይፕ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ትንሽ አጉረመረምኩ እንጂ አልተሟገትኩም። እንዲያውም ቤቴ ገብቼ ለባሌ «እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል!» ብዬ አወራሁለት።

ልጅቷ ሰሌዳው ፊት ቆማ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ወደ ቢሮ መጣች።

«አልገባሁም፣ አባዬ።»

«አይዞሽ የኔ እናት፣ ሌላ ጊዜ አለ።»

«ስንት ነው ያመጣሁት?»

«ማርክ አይነገርም፤ ደንብ ነው።»

ደንብ መሆኑስ እውነት ነው። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወረቀት የማስተካክል መሰልኩ።

የሚመጣው ዓመት የተባለው ነገር ሳይመጣ ቀረ። የኮሌጁ ኃላፊ ተቀየሩ፤ አዲሱ ሰውዬ «ሕፃናት አላስተምርም» ብለው ስምምነቱን ተዉት። በእሷ ቦታ የገባው ልጅ ደግሞ ወር ሳይሞላው ከኳስ ልምምዴ ጋር ተጋጨብኝ ብሎ አቋረጠ። ኮርሱ ከተጀመረ ወዲህ ምትክ አንቀበልም ተባለና ወንበሩ ባዶውን ከረመ። ያቺ ወንበር እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች።

የልጅቷ ቅስም ተሰብሯል። ቢሮአችን ጥግ መምጣቱን እርግፍ አድርጋ ተወችው። አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ያመጣችው ውጤት ኮሌጅ ያስገባት ነበር፤ እሷ ግን «የኮሌጅ ጭንቅላት የለኝም፣ ተፈትኜ አይቼዋለሁ» አለችና የስድስት ወር ሥልጠና ወስዳ አንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ተቀጠረች። አባቷ ለመኗት፣ ተቆጧት፣ ዘመድ ላኩባት። «አንቺ እኮ ጎበዝ ነሽ!» ይሏታል። «አባቴ ስለሆንክ ነው እንደዚያ የምትለው» ትላቸዋለች።

ያን ጊዜ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። ጋሽ ማኅተም ግን አልወጣላቸውም። መጀመሪያ ትረሳዋለች አሉ፤ ኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገራት አሉ፤ እንዲህ እንዲህ ሲሉ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እኔም «የቤተሰብ ነገር ነው፣ ምን አገባኝ» እያልኩ ዳር ቆሜ አየሁ። በሌላው ነገር ሁሉ አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

ጡረታቸው ደረሰና ርክክብ ጀመርን። መደርደሪያውን ፋይል በፋይል ስናወርድ ያ የኮሌጁ ወረቀት ከነእርሳሱ መስመር ወጣ። ጋሽ ማኅተም ይዘውት ቁጭ አሉ።

«ይቅደዱት ጋሼ» አልኳቸው። «አሁን ምን ያደርጋል? ልጅቷ ሥራዋን ይዛለች። ቁስል መቀስቀስ ነው።»

«ሰነድ አይቀደድም» አሉና ስልካቸውን አነሡ።

በምሳ ሰዓት የክሊኒኩን ጋዋን እንደለበሰች መጣች። አሞህ ነው እንዴ ብላ ደንግጣ ነበር። ወረቀቱን ሰጧት። ቆማ አነበበችው፤ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይኼ መስመር ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ ያሰመርኩት» አሉ። «ማለፍሽንማ አልፈሽ ነበር። ልጁን አስገባ እንዳልባል ብዬ ነው ያወጣሁሽ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሰባ ስምንት ነው ያመጣሁት?»

«ሰባ ስምንት።»

«ከመቶ?»

«ከመቶ።»

ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ድምጿ ከወትሮው እንኳ ዝቅ ያለ ነበር። «ያኔ ብትነግረኝ ባንተ ነበር የምናደደው፣ አባዬ። ሳምንት አኮርፍህ ነበር፣ ቢበዛ አንድ ወር። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተናደድኩት በራሴ ነው።»

የጋሽ ማኅተም እንባ ወረደ። «ማሪኝ፣ ልጄ» አሉ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ያን ሰውዬ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መሐረብ ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው። ምሬሃለሁ ግን አላለችም። «እሱን ቆይተን እናወራዋለን። አሁን ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል» አለችና ተነሣች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጋሽ ማኅተም የሰነድ ነገር አላነሡም።

በሩ ጋ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች።

«እትዬ፣ የተለጠፈውን ዝርዝር ማን ነበር ታይፕ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀችና ወጣች። ሰድባኝ ብትወጣ ይሻለኝ ነበር።