በሎሚ ያጠብኳቸው እንቁላሎች

እስከ ዛሬ ሎሚ ሲቆረጥ ካየሁ ፊቴን አዞራለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! የእነሱ አባት በአሥራ ሁለት እንቁላል ተይዞ አያውቅም።

ዘመኑ የጣሊያን ነው። ቤታችን ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ነበር። አባቴ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ነበር፤ «ጫካ ላሉት ወሬ ያቀብላል» ተብሎ ከወንበሩ ላይ አንስተው ወሰዱት። እናቴ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ ትቆማለች፤ አንዳንዴ ይቀበሏታል፣ አንዳንዴ በሰደፍ ያባርሯታል።

እናቴ በዶሮ የታወቀች ናት። እሷ ያስታቀፈቻት ዶሮ እንቁላሏን ጥላ አታውቅም፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ «እጇ ይባርካል» ይላት ነበር። መዘዙን የጎተተብንም ይኸው ዝና ነው። አንድ ቀን የእስር ቤቱ አዛዥ አስተርጓሚ ጭድ የተጎዘጎዘበት ሣጥን አሸክሞ መጣ። ውስጡ አሥራ ሁለት እንቁላል አለ፤ ነጭ፣ ትልልቅ፣ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ።

«ጌታው ያገራቸውን ነጭ ዶሮ እዚህ ማርባት አምሯቸዋል» አለ። «በሃያ አንደኛው ቀን ጫጩቶቹን ካስረከብሽ ባልሽ ይፈታል። ካልሆነ በወሩ መጨረሻ ወደ ቆላ ከሚጋዙት ጋር ይጫናል።»

ወደ ቆላ ከተጫኑት አንድም ሰው ሲመለስ አላየንም ነበር።

እናቴ አላለቀሰችም። ቅርጫት አወጣች፣ የጤፍ ጭድ ጎዘጎዘች፣ ነጎድጓድ እንዳይመታቸው ከሰልና ሚስማር ከሥር አደረገች። እንቁላል በጎዶሎ ቁጥር ካልሆነ አይታቀፍምና ከኛ ዶሮ አንድ ጨምራ አሥራ ሦስት አደረገቻቸው። ከዚያ «ኩሱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጊላቸው» ብላኝ ዶሮዋን ልትይዝ ወጣች።

እኔ ነኝ ጉደኛዋ! ዕድሜዬ አሥር ቢሆን ነው፤ በጽዳት ነገር ግን ከባልቴት እብስ ነበር። ቤታችን ዶሮ ሲታረድ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው ኩልል እስኪል ተለቃልቆ ነው ድስት የሚገባ። የኛ ዶሮ እንዲህ ከሆነ፣ የጣሊያን ዶሮ ምን ስትለቅም እንደኖረች ማን ያውቃል? ደግሞስ አባቴን የሚያስፈታ ነገር ቆሽሾ ይታቀፋል? ሁለት ሎሚ ጨመቅሁ፣ ጨው ነሰነስሁ፣ የጣሊያኑን እንቁላል አንድ በአንድ ፈተግሁት። የኛዋ ንጹሕ ስለነበረች አልነካኋትም። አድርቄ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠኋት።

«ጎሽ፣ የኔ ልጅ» አለችኝ። ያቺ «ጎሽ» እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

በአሥረኛው ቀን እናቴ በሩን ዘግታ፣ ከጣሪያው ቆርቆሮ ሽንቁር የሚገባው የፀሐይ ጨረር ላይ እንቁላሎቹን መመልከት ጀመረች። የመጀመሪያውን አየችው። ወዘወዘችው፤ ቦጭ ቦጭ አለ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። አሥራ ሁለቱም ውሃ ሆነዋል። የኛዋ ብቻ ቀይ ሥር ሰድዳለች። እናቴ መሬት ቁጭ አለች። አንዱን እንቁላል በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ጣቷን ተመለከተች፤ ቅርፊቱ እንደ ኖራ እየተፈረፈረ ጣቷ ላይ ቀርቷል።

«የባቡሩ መንገጫገጭ ነው የፈጃቸው» አለች፣ ወደኔ ሳትዞር።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ሎሚው ነው። አባቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ምነው አፈር በበላሁ አልኩ በሆዴ፤ ለእናቴ ግን አልነገርኳትም።

ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው በኩል የእናቴ ወዳጅ የሆነች ሙስሊም ሴት ነበረች። ሥጋ አንቋደስም፤ በእንቁላል ግን ቤተሰብ ነን። ነጫጭ ዶሮዎች ነበሯት፤ አንዷ ከታቀፈች አሥራ አንድ ቀኗ ነው፣ ከኛዋ በአንድ ቀን ትቀድማለች። እናቴ ነገሩን ተናግራ ሳትጨርስ ሴትዮዋ እንቁላሎቹን ከዶሮዋ ሥር ማውጣት ጀመረች።

«ኸረ ቆይ፣ አንቺስ?» አለቻት እናቴ።

«እኔ ዶሮ አጥቼ አላውቅም። አንቺ ባል ከየት ታመጫለሽ? ውሰጃቸው በአላህ!»

አሥር ደህና እንቁላል አገኘን። ከቀዘቀዙ ያልቃሉ። እናቴ ስድስቱን፣ እኔ አራቱን ከደረታችን ላይ አድርገን በመቀነት ጠፍረን ወጣን። ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ የሹም መኪና መጣ። መኪና ሲያልፍ ቆሞ ቀኝ እጅን ወደ ላይ መዘርጋት ግዴታ ነበር፤ ያልዘረጋ በጅራፍ ይገረፋል። ዘረጋን። መኪናው ግን አላለፈም፤ የበግ መንጋ መንገዱን ዘግቶበት እፊታችን ቆመ። ከጎኑ አንድ ወታደር ወርዶ በጎቹን ይደበድባል።

እጄ ዛለ። ደረቴ ላይ የነበረው አንዱ እንቁላል ሸርተት አለ። በግራ እጄ ልይዘው ፈለግሁ፤ ብይዘው ምን ይዘሻል ይሉኛል። ወረደ፣ ወገቤ ላይ መቀነቱ ጨፈለቀው። ሙቅ ነገር በጭኔ ላይ ፈሰሰ፣ እግሬ ላይ ደረሰ። ወታደሩ አይቶኝ በሳቅ ፈረሰ።

«ሸናች! ልጅቷ ሸናች!»

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ፤ እጄን ግን አላወረድኩም። እናቴ ከጎኔ እንደ ቆመች «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ትላለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። በጎቹ አለፉ፣ መኪናው ሄደ። ዘጠኝ እንቁላል ይዘን ቤት ገባን።

በአሥራ አምስተኛው ቀን አስተርጓሚው ሳይታሰብ ከች አለ። «እንቁላሎቹን ልያቸው» አለ። ያገራችን እንቁላል ትናንሽ ነው፤ አንዴ ካየ አለቀልን። ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ሲል እናቴ ጮኸች።

«እንዳያዩብኝ ጌታዬ! የታቀፈች ዶሮ ባዳ ዓይን ካረፈባት ትጥላለች። ይዩ ግድ የለም፤ ከጣለች ግን ለጌታው እርስዎ ይንገሩልኝ።»

የፈለገውን ያህል የጣሊያን ጫማ ቢጫማ፣ እናቱ ዶሮ አሳድጋለች። ደነገጠ። ፊቱን አዞረና «እትፍ፣ እትፍ» ብሎ ወጣ።

በሃያኛው ቀን ቅርፊቱ ውስጥ ጭው ጭው ማለት ጀመሩ። ስምንቱ ተፈለፈሉ፤ ቢጫ፣ ኩልል ያሉ። አንዱ ቀረ። የኛዋ በማግስቱ ጥቁር ሆና ወጣች፣ ከብብቴ ደበቅኋት። አዛዡ ራሱ መጥቶ ቢጫዎቹን ከነታቃፊዋ ዶሮ ወሰደ፤ አንዷን ጫጩት ጉንጩ ላይ አድርጎ ሲስቅ አየሁት። ጠላሁት፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

አባቴ የዚያኑ ዕለት ማታ መጣ። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። «አንድ ሳምንት ልተኛ» አለ።

«ሦስት ቀን ተኛ» አለችው እናቴ። «ጫጩቶቹ የወዳጄ ዶሮ ልጆች ናቸው። እናታቸው ነጭ ናት፣ አውራው ግን ቀይ ነው። ላባ ሲያወጡ ጉዳችን ይወጣል።»

በሦስተኛው ቀን ዶሮዎቻችንን ሁሉ ለዚያች ሴት አስረከብናት። ጥቁሯን ጫጩት እኔው ራሴ እጇ ላይ አስቀመጥኳት። ሳትስመኝ አልለቀቀችኝም። ሳይመሽ ወደ እናቴ ዘመዶች አገር መንገድ ጀመርን። እነዚያ ስምንቱ ምን ዓይነት ላባ እንዳወጡ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጣሊያን ሲወጣ ተመለስን። ጥቁሯ ጫጩት እናት ሆና የሴትዮዋን ግቢ ስትጭር አገኘናት። ከልጆቿ አንዱን አውራ ሰጠችን፤ ለመጀመሪያው ፋሲካችን እሱ ታረደ። አባቴ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ያያል። እኔ ሎሚ ቆርጬ ሥጋውን ሳሽ፣ እናቴ ለወጡ የሚቀቀለውን እንቁላል በሳህን ይዛ አጠገቤ መጣች።

«ዶሮውን እንደ ልብሽ እሺው» አለች፣ ቀስ ብላ። «እንቁላሉን ግን እንዳትነኪው።»

ቀና ብዬ አየኋት፤ ከአሥረኛው ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«እንቁላሉ ምን ሆነ?» አለ አባቴ።

«ምንም» አለችው። «የባቡር መንገጫገጭ ነው።»