ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ

ፀጉር አስተካካዩ ሳል የጀመረው በዝናቡ ወራት ነበር። መጀመሪያ ብርድ ነው ብሎ ናቀው፤ ቀጥሎ በፓውደሩ አሳበበ። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ግን የሚያሳብብበት ነገር አለቀበት።

ሥራው ከሰው ፊት አያርቅም። ደንበኛ እየላጨ ሳሉ ሲመጣበት ምላጩን ያነሣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትንፋሹን ውጦ ይቆያል። አንድ ቀን የቆየ ደንበኛው፣ ጡረታ የወጣው ሾፌር፣ በመስተዋቱ ውስጥ እያየው «ይቺ ሳል እኮ ቤተኛ ሆነችብህ» አለው። አብረው ሳቁ። ሾፌሩ ግን ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ታሞ ይሁን ሸሽቶ ማን ያውቃል፤ ፀጉር አስተካካዩ እንቅልፍ አጣ።

ጤና ጣቢያው ከሱቁ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ጣጣውም ይኸው ነበር። ዘበኛው፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ነርሱ፣ ሁሉም ፀጉራቸውን የሚቆረጡት እሱ ዘንድ ነው። እዚያ ገብቶ አክታ መስጠት ሱቁን በገዛ እጁ መዝጋት መሰለው። ሚስቱ «ተሻግረህ ታየው እንጂ፣ ምን ይዞህ ነው?» ባለችው ቁጥር «ነገ» ይላል። ነገም የራሱ ነገ አለው።

መሀረቡ ላይ ደም ያየ ዕለት ለሚስቱ መቀስ ላስስል ነው ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረና ከተማውን አቋርጦ ማንም የማያውቀው ጤና ጣቢያ ሄደ። አግዳሚው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተራ ሲጠብቅ ከበላዩ የሚያውቀው ድምፅ መጣ።

«መቀስ እዚህም ይስላሉ እንዴ?»

ቀና ሲል አማቱ ናቸው፤ አብረውት የሚኖሩት የሚስቱ እናት። ጠዋት እሱ ስለ መቀሱ ሲናገር ሰምተው፣ «የታመመች ወዳጄን ልጠይቅ» ብለው ቀድመውት ነበር የወጡት።

«እማማ... ወዳጅዎ የተኙት እዚህ ነው?»

አማቱ አጠገቡ ተቀመጡና ከቦርሳቸው የደም ግፊት ክኒን አውጥተው አሳዩት። ልጃቸው እንዳትጨነቅ ብለው በድብቅ ይመላለሱ ኖሯል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል» አሉ። ትንሽ አሰብ አድርገው «እኔስ መድኃኒቱንም ጭምር ነው የደበቅሁት።»

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ። መሀረቡን ሲያዩ የአማቱ ፊት ጠቆረ። ተራው እስኪደርስ እጁን ይዘው ቆዩ።

ሳንባ ነቀርሳ ነበር። ሐኪሟ መድኃኒቱ በየቀኑ ለወራት እንደሚወሰድ፣ ካልተቋረጠ እንደሚያድን ነገረችው። «ቤትዎ አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ ቢከታተሉ ይቀልዎታል። አለ?»

አማቱ ቀድመውት መለሱ። «ደጁ ላይ ነው።»

እሱ የሚያስበው ሌላ ነበር። ትንሿ ልጁ ደረቱ ላይ ካልተኛች እንቅልፍ አይወስዳትም። «ልጄስ?» አለ።

«ቤተሰቡ በሙሉ ይመርመር» አለች ሐኪሟ።

ሚስቱ ሁሉንም ስትሰማ አልጮኸችም። «ለእኔ ለመንገርስ ስንት አውቶቡስ ያስፈልግህ ነበር?» አለችና ፊቷን አዞረች። ያ ከስድብ ይልቅ አመመው።

በማግስቱ ሱቁን ሳይከፍት፣ አራቱም መንገዱን ተሻገሩ። ዘበኛው ልጅቷን ሲያይ ፈገግታው ጠፋ፤ ነገር ግን ምንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተላቸው። ውጤት የጠበቁበት ሰዓት አላልቅ አለው። ሚስቱ የልጅቷን ሹሩባ ትፈታለች፣ መልሳ ትሠራለች። በመጨረሻ ነርሱ ወጥቶ ሦስቱም ነፃ መሆናቸውን ነገራቸው፤ ለልጅቷ ግን መከላከያ የሚሆን መድኃኒት አዘዘላት።

ሱቁ ነርሱ «አሁን ወደ ሰው አይተላለፍም» እስኪለው ተዘግቶ ቆየ። ሲከፈት አንዳንዱ ደንበኛ ተመለሰ፣ አንዳንዱ ቀረ። አማቱም ክትትላቸውን ወደ ማዶ አዛወሩ፤ ጠዋት ጠዋት አብረው ይሻገራሉ። ሳሉ ጠፍቶለታል፣ ቀበቶውም እየጠበበው ነው። ልጅቷ ሱቁ መጥታ ስታስነጥስ ግን አሁንም ምላጩን ያስቀምጥና ሳል ይከተል እንደሆነ ጆሮውን ይጥላል።