ረቡዕ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት

ያን ወረቀት ያተምሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ዛሬም ሳስበው ክው እላለሁ።

በደርግ መጨረሻ ዓመታት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራ ነበር። አንዲት ኮምፒዩተር ከውጭ መጣችልን። አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኜ ስለነበር የክፍሏ ቁልፍ እኔ ዘንድ ሆነ፤ ኩራቴን አትጠይቁኝ! ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤና ቴሌግራም ሁሉ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነውና፣ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ ፕሮግራም ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

የጳጉሜን ጣጣ የፈታልኝ የልብ ጓደኛዬ ነው። ጥገና ክፍል ይሠራል፤ አባቱ ዘጌ መሪጌታ ስለሆኑ ባሕረ ሐሳቡን ከልጅነቱ ያውቀዋል። በምሳ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጦ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበትን ዓመት ሲያሰላልኝ እኔ መስመር በመስመር እጽፋለሁ። ሰዓቱንማ ማን ይጠይቃል ብዬ ለብቻዬ ሠራሁት። ከፈረንጁ ሰዓት ላይ ስድስት መቀነስ ነው፤ ካልበቃ አሥራ ሁለት ጨምሮ መቀነስ። አለቀ!

በዚያው ዓመት ጓደኛዬ ስንት ዓመት ደጅ የጠናበት የውጭ ትምህርት ዕድል ተሳካለት። ቴሌግራም መጣ፤ ትኬቱን አዲስ አበባ ሲደርስ ይወስዳል፣ አውሮፕላኑ ረቡዕ 02:00 ይነሣል።

«እስቲ ያቺ ጉደኛ ማሽንህ ትናገር» አለኝ እየሳቀ።

አስገባሁት። «ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብላ አተመች። ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው።

ማክሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ተራ ሸኘሁት። ደብረ ማርቆስ አድሮ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ይገባል፤ ትንሽ አረፍ ብሎ ሌሊት ይበራል። ስሌታችን እንዲያ ነበር።

ረቡዕ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልክ ተደወለልኝ። የጓደኛዬን ድምፅ መጀመሪያ አላወቅሁትም።

«ሄዷል» አለኝ።

«ማን?»

«አውሮፕላኑ። ትናንት ሌሊት ሄዷል።»

«ምን ነካህ አንተ? ረቡዕ እኮ ዛሬ ነው!»

«ለእነሱ ረቡዕ የገባው ትናንት እኩለ ሌሊት ላይ ነው አሉኝ።»

ወይ ጉድ! ለእኛ ሰው ረቡዕ ሌሊት ማለት የረቡዕ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሌሊት ነው፤ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ለፈረንጅ ግን በጨለማው መካከል ይለወጣል። እኔ ሰዓቱን ቀይሬ ዕለቱን ሳልነካው ተውሁት። ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ ማለት ነበረብኝ። ይህን ገበያ የምትወጣ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች እኮ! የእኔ ፕሮግራም ግን አያውቀውም።

ዕድሉ ለተጠባባቂ ተሰጠ። ጓደኛዬ ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ፤ በሳምንቱ የመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ተጠራ። የማሽኗ ወረቀት ወሬ አስቀድሞ ተሰምቶ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ተነሥቶ «ማሽኑን የያዘው ጓድ የመንግሥትን ዕድል ሆን ብሎ አባክኗል፤ ይህ አሻጥር ነው!» አለ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው በዚያን ዘመን ወዴት እንደሚወሰድ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ጓደኛዬ ተነሣ። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

«ጓዶች፣ ወረቀቱ ትክክል ነበር» አለ። «ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ ይላል። ሳላስተውል ያነበብሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱንም ጥዬዋለሁ።»

እግዚኦ! ማመን አቃተኝ። ትምህርቱን ያሳጣሁት ሰው ነፍሴን እያተረፈልኝ ነው። አይደለም፣ ውሸቱን ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ለማለት አፌን ከፈትሁ። ድምፅ አልወጣኝም። ልዋሽ አልፈልግም፤ ፈርቼ ነው።

ካድሬው ጥቂት አሰበና በቸልተኝነቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፣ ከእንግዲህም ለማንኛውም የውጭ ትምህርት እንዳይታጭ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ።

አዳራሹ ሁሉ እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ።