ከፎልደሩ ሥር የቀረው የየሺ ሥራ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርሁም። ስለ ኮምፒውተር ብናዘዝ ምን ይገባቸዋል እያልሁ ራሴን እያታለልሁ ኖርሁ። ነገሩን ለመረዳት ግን ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። ዋሽቼ ሰው አስቀጥቻለሁ።

ቢቸና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ክረምት መግቢያ ላይ የሺ የምትባል ልጅ ተቀጥራ የገበሬዎችን የመሬት ይዞታ መመዝገብ ጀመረች። የምትሠራበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ባዶ ፎልደር አለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሥራ ሁሉ የሚከማችበት ዋና ኮምፒውተር፣ የሰርቨሩ፣ ፎልደር በእሱ ላይ ሲያያዝ የምትጽፈው ሁሉ ሰርቨሩ ዘንድ ይደርሳል። እኔ ግን የሰርቨሩን የይለፍ ቃል ለውጬ በእሷ ኮምፒውተር ላይ መለወጡን ረስቼ ነበር። እኔ ነኝ የረሳሁት። ስለዚህ ፎልደሩ ከሰርቨሩ ጋር አልተያያዘም። ባዶው ፎልደር ደግሞ ምንም ሳይል ክረምቱን ሙሉ የጻፈችውን ተቀበላት። አዲስ ናትና ምን ትጠርጥር?

ክረምቱ ሲወጣ ኃላፊው ሰርቨሩን ቢከፍት የየሺ ሥራ የለም። ሮጬ የይለፍ ቃሉን አስተካከልሁና አያያዝሁት። ከማያያዜ በፊት ባዶውን ፎልደር አላየሁም። ሰርቨሩ እንደ ምንጣፍ ከላይ ተነጠፈበት፤ የጻፈችው ሳይጠፋ ከሥር ተሸፍኖ ቀረ። በስብሰባ ላይ የኮምፒውተር ችግር ነበረ ወይ ተብዬ ስጠየቅ «የለም» አልሁ። የሺ እያለቀሰች «እግዜር ያውቃል፣ ጽፌዋለሁ» አለች። ሥራ ሳትሠራ ሠራሁ አለች ተብላ፣ የታመሙትን እናቷን ለጎረቤት ትታ፣ ወደ ሞጣ ተዛወረች።

ከሄደች በኋላ ለጥገና ግንኙነቱን ሳቋርጠው ፋይሎቿ አንድም ሳይጎድሉ ከሥር ብቅ አሉ። ምን አደረግሁ? ሰርቨሩን በላያቸው መልሼ አያያዝሁት። ፈራሁ፤ በሰው ሁሉ ፊት «የለም» ብዬ ነበራ።

ከዚያ ወዲህ ያን ኮምፒውተር ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም። ደብረ ማርቆስ የተሻለ የሥራ መደብ ሲመጣልኝ እምቢ አልሁ። የሚተካኝ ሰው ያገኘዋላ! እናቷ ሲያርፉ ለቅሶ ደርሼ አጽናናኋት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በቅርቡ ከሞጣ ደወለችልኝ። ፎልደሩ ከሰርቨሩ ጋር አልያያዝ ብሏታል። የይለፍ ቃሉን እንድታይ ነገርኋትና፣ ከልማድ የተነሣ ነው መሰል፣ «ከማያያዝሽ በፊት ባዶውን ፎልደር ክፈቺው፤ የተጻፈበት ነገር ካለ ይሸፈንብሻል» አልኋት።

«ጋሼ፣ የእኔም ያን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

ያ ሁሉ ዓመት የታሰርሁበት በር ተከፍቶልኝ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ።

«አይደለም፤ ያን ጊዜ ፎልደሩን ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ባዶ ነበር» አልሁ።

የፊተኛውን ውሸት ፈርቼ ነው ልበል። ይህንንስ ምን ልበለው? እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላኝ ስልኩን ዘጋች።